መንገደኛው ለቤቱ የሚጽፈው



የዛሬው ንግግር ስለ ቤተሰብ፣ ስለ መንገድና ስለ ጽሕፈት ነው። ከቤቱ ርቆ የሄደ ሰው ያየውን ለምንና ለማን እንደሚጽፍ፣ ጽሕፈቱ ከወረቀት ወደ ስልክ ሲሻገር ደግሞ ቤተሰብ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ይመለከታል። መነሻው የአንድ ሚኒስትር ጉዞ ነው።

በ1924 ዓ.ም. መስከረም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተነሡ። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በመርከብ ነበር። ጉዳዩ የመንግሥት ነው። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት አዲስ አበባ ላይ በተከበረው የዘውድ በዓል ጃፓን መልእክተኛ ልካ ስለነበር ኢትዮጵያም አጸፋውን መመለስ ነበረባት። ሌላ ሰው ቢሆን ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘንድ ቀርቦ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ሥራዬ አበቃ ባለ ነበር። ኅሩይ ግን ያዩትን መጻፍ ያዙ፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸውም በዚያው በ1924 ዓ.ም. ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጃፓንኛ ተተርጉሞ በባለ አገሮቹ ዘንድም ተነበበ። መጽሐፉ የሹም ዘገባ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀር ነበር። የተጻፈው ግን ጃፓንን በዓይኑ ለማያይ፣ ከአገሩ ወጥቶ ለማያውቅ አንባቢ ስለሆነ ዛሬም ይነበባል።

ይህ ለኅሩይ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲላኩ አብረው ሄደዋል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሹ ልዑል ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌምና በካይሮ በኩል አድርገው ፓሪስን፣ ብራሰልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማን፣ ለንደንንና አቴናን ሲጎበኙ ከተከታዮቻቸው አንዱ ኅሩይ ነበሩ፤ የዚያን ጉዞ ታሪክ «ደስታና ክብር» በተባለ መጽሐፍ አስቀርተውታል። በዚያ ጉዞ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ተገኝተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ የዘመናዊው ሙዚቃችን አሳዳጊ ሆኑ። አንድ የመንግሥት ጉዞ አገሪቱን እንዲህ ባለ ቤተሰብ አበልጽጓታል።

ኅሩይ ለቤታቸውና ለመጪው ትውልድም ይጽፉ ነበር። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ገና በርእሱ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች የታሰበ መሆኑን ይናገራል። የራሳቸው ልጆችም በእንግሊዝ አገር ተምረው ተመለሱ። ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ የኢጣሊያን ወረራ ከተቃወሙት ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። ሲራክ ኅሩይ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን የራሴላስ ታሪክ ወደ አማርኛ መለሱ። አባትየው ልጃቸውን ካጡ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ በ1931 ዓ.ም. መስከረም በስደት ላይ ሳሉ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ ዐረፉ። መንገድ፣ ሐዘንና ብዕር በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ተገናኝተው ነበር።

ሁሉም ጸሐፊ ግን እንደ ኅሩይ በዓመቱ አላሳተመም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወሰዱ፤ በሩሲያውያን ቤት አድገው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። ተመልሰው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን አረቀቁ። ፋሺስት ኢጣሊያ ስትነሣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ከዚያም ብዙ የስደት ዓመታትን በማዳጋስካር አሳለፉ። ይህን ሁሉ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፤ መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የወጣው ግን ከዐረፉ ሦስት ዐሥርታት ገደማ ቆይቶ ነው። ልጃቸው ገርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲደርሱ የመረጡት ባለ ታሪክ ከአገሩ ወጥቶ በፈረንሳይ የተማረና የተመለሰ ወጣት መሆኑ፣ የአባት መንገድ ለልጅ ብዕር ምን ያህል ስንቅ እንደሚሆን ያሳያል።

የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» የታተመውም እሳቸው ካለፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱና ፖንዛ በተባለች ደሴት ታሰሩ።  የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመን ትዝታም እንዲሁ ለኅትመት የበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በነዚህ ሁሉ ዓመታት ወረቀቱን ሳይጥል፣ በብል ሳያስበላ፣ ለሱቅ መጠቅለያ ሳይሰጥ ያስቀመጠ ሰው ነበረ። አገር ዛሬ የሚያነበው ታሪክ በዚያ ሰው ጥንቃቄ የተረፈ ነው። ይህን ለኋላው ንግግር ያዙልን።

መንገደኛ ሁሉ ራስ ወይም ፊታውራሪ አይደለም። ብዙው ኢትዮጵያዊ ከቤቱ ሲርቅ የሚጽፈው ደብዳቤ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ደብዳቤው የታወቀ ሥርዓት ነበረው። በግራ ወይም በቀኝ ራስጌ ቀኑ ይጻፋል። «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብሎ ይጀምራል። «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይከተላል። ከዚያ ሰላምታው ቤቱን ሁሉ ይዞራል፤ አባባ፣ እማማ፣ ታላቅ እህት፣ የክርስትና አባት፣ ጎረቤት፣ የዕድር ዳኛ፣ አንዳቸው እንዳይቀሩ በየስማቸው ይጠራሉ። ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናት ቤት ደብዳቤው ሲደርስ የጎረቤት ተማሪ ይጠራል። ተማሪው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ስማቸው የተጠራ ሁሉ «ይመስገን» ይላሉ። ስሙ የተዘለለ ዘመድ ይቀየማል፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይካሳል። ያ የስም ዝርዝር ዛሬ ሲታይ የአንድ ሰፈር የሕዝብ ቆጠራ ያህል ዋጋ አለው፤ ማን በሕይወት እንደነበረ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ለማን ምን እንደነበረ ይነግራልና።

ፖስታ ባልደረሰበት ቦታ ደብዳቤ በሰው እጅ ይላካል። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ሮም የሚበር ሰው ሻንጣውን ሲዘጋ ዘመድ ወዳጁ ደጁ ላይ ነው። «ኪሎ ካለህ» እየተባለ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ይጫናል፤ በጎኑም የታጠፈ ወረቀት ይሰጠዋል። በኋላ ካሴት መጣ። መጻፍ የሚከብዳቸው ወላጆች ቴፑን ከፊታቸው አስቀምጠው ለልጃቸው ያወሩ ጀመር። በዚያ ካሴት ውስጥ የእናት ድምፅ ብቻ አይደለም ያለው፤ ዶሮው ሲጮህ፣ ጎረቤት ሲገባ፣ ቡናው ሲወቀጥ ይሰማል። ብዙ ቤት ውስጥ እነዚህ ካሴቶች ዛሬም መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ የሚያጫውታቸው ቴፕ ግን ከቤቱ ጠፍቷል።

ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው መንገዱ ሲዘጋ ነው። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክም ፖስታም በረራም ቆመ። አዲስ አበባ ያለ አባትና አሥመራ ያለች ልጁ ለሃያ ዓመት በቀጥታ መደዋወል አልቻሉም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አጫጭር የቤተሰብ መልእክቶችን ያመላልስ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ በሦስተኛ አገር ባለ ዘመድ በኩል፣ ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህም በማኅበራዊ ሚዲያ ይፈላለግ ነበር። መስመሩ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ሲከፈት የሚደውሉለት ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ጭምር የማያውቁትን ቁጥር እየመቱ ማዶ ያለውን ሰው ሰላም ይሉ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የትግራይ ጦርነት ሲጀመርም የክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ብዙ ሺህ ሰው የወላጁን መኖር አለመኖር ሳያውቅ ከረመ። የቤተሰብን ወሬ መስማት ከምግብና ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚጠራ ፍላጎት መሆኑን በነዚህ ዓመታት ያለፉ ሰዎች ያውቁታል።

ወደ ኢንተርኔቱ ስንመጣ፣ አማርኛ በዚያ ሰፈር ቦታ ያገኘው በብዙ ሰዎች ልፋት ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለይ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ደከሙ። ችግሩ ሁሉም የየራሱን አሠራር መከተሉ ነበር። አንዱ ድርጅት «ሀ»ን በአንድ ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ ሌላው በሌላ ቁጥር። ላኪው የጻፈበት ፎንት ተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ የናፍቆት ደብዳቤው ሲከፈት የማይነበቡ ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይወጣል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን፣ ፊደልን በላቲን ሆሄ የሚወክል ሥርዓት አወጡ። በመጨረሻ በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ደረጃ፣ የዩኒኮድ፣ ሦስተኛ እትም 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን አቅፎ ወጣ። ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ዙሪያ አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ በኋላ የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ጀመር፤ ቆይቶ ስልኮችም ተቀበሉት።

ከዚያ በፊት በስልክ የሚላከው አማርኛ ሁሉ በላቲን ሆሄ ነበር። አሁንም ብዙ ሰው በልማድ እንደዚያው ይጽፋል። ልማዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። «ጸሐይ» የሚለው ስም በላቲን ሆሄ በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ «ቀ» እና «ከ»፣ «ጠ» እና «ተ» ይምታታሉ። የልጅ ልጅ አንድ ቀን የአያቱን መንደር ስም ሲፈልግ በየትኛው አጻጻፍ እንደሚያገኘው አያውቅም። በፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ቢገለበጥም ቢተላለፍም ያው ነው። በፎቶ ወይም በስክሪን ሾት የተቀመጠ ጽሑፍ ግን ሲፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

ዛሬ ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ ወደ ወሎና ወደ ጅማ የሚሄደው ወሬ በአብዛኛው በኢሞ፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም የሚላክ ድምፅ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ስልኳን ይዛ ለእናቷ ታወራለች፤ ምን እንደበላች፣ ደመወዟ እንደገባ፣ ለወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ መቼ እንደምትልክ ትነግራታለች። እናት ማንበብ ባትችልም ትሰማለች። ይህ ትልቅ በረከት ነው። በጽሑፍ የሚቀር ነገር ግን ካልተጨመረበት የአንዲት ሴት የአምስትና የስምንት ዓመት የስደት ኑሮ ስልኳ በተሰበረ ቀን አብሮ ይጠፋል። ወደ ዐረብ አገሮች ስለሚደረገው የሥራ ስደት ብዙ ሪፖርት ተጽፏል፤ በራሳቸው በስደተኞቹ እጅ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በኢንተርኔት የመጻፍን ልማድ አንዳንድ ሰው የሥራ ፈት ነገር አድርጎ ያየዋል። ልማዱ ግን በወግ ሲያዝ ወረቀት ያልነበረው ጥቅም አለው። ኅሩይ ስለ ጃፓን ሲጽፉ አንባቢያቸው ቢሳሳቱ ሊያርማቸው የሚችለው በሌላ መጽሐፍ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ስለ ደሴ ወይም ስለ ጎንደር ልጅነቱ በፌስቡክ ገጹ ሲጽፍ በዚያው ምሽት አጎቱ ከአትላንታ «ያ ድልድይ የተሠራው በኛ ጊዜ አይደለም፣ ቀደም ብሎ ነው» ይለዋል። የአክስቱ ልጅ ከስቶክሆልም የድሮ ፎቶ ታመጣለች። አንድ ጽሑፍ በበርካታ ሰው ትውስታ ይታረማል፤ ተበትኖ የኖረ ቤተሰብም ስለ አንድ ቦታ አብሮ ያወራል። ይህ በወረቀት ዘመን የማይታሰብ ነበር።

ቤተሰብን በአደባባይ መጻፍ ግን አደጋ አለው፤ የመጀመሪያው ወሰን ማለፍ ነው፤ ከሁሉ የሚጎዳውም መርዶ ላይ የሚደረገው መተላለፍ ነው። በባህላችን ሞት እንዲሁ አይነገርም። ቅርብ ዘመድና ጎረቤት ይመክራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ገና ሳይነጋ ቤቱ ይደረሳል። የሚረዳው ሰው ብቻውን እንዳይሆን፣ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው በዙሪያው እንዲኖር ይታሰባል። ስደት ላይም ይህ ሥርዓት አልቀረም። እናት አገር ቤት ስትሞት ዘመድ በቀጥታ ለልጅቱ አይደውልም፤ ለጓደኛዋ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ወይም ለመስጊዷ ሰዎች፣ ለማኅበሯ ሊቀ መንበር ይደውላል። እነሱ ተጠራርተው፣ ከሥራ ቀርተው፣ ማለዳ በሯን ያንኳኳሉ። በሯን ከፍታ የቆሙትን ሰዎች ስታይ ይገባታል፤ ቢያንስ ግን በሰው እቅፍ ውስጥ ናት።

አሁን የሚሆነው ሌላ ነው። ቀብሩ ሳይፈጸም አንድ የሩቅ ዘመድ የሟችን ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለጥፋል። ልጅቱ በምሳ ዕረፍቷ፣ ፋብሪካ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፊት ታያለች። ከሥሩ በርካታ ሰው ሐዘኑን ገልጿል፤ ሁሉም ሰምቷል፣ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። በክፋት የተደረገ አይደለም፤ ለጣፊውም ሐዘንተኛ ነው። ግን ለዘመናት የቆየ የርኅራኄ ሥርዓት በአንድ ጣት ንክኪ ይፈርሳል። ስለዚህ የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ መረዳቱ ሳይረጋገጥ የሞት ወሬ በየትኛውም ገጽ መውጣት የለበትም። ይህ በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየቴሌግራም ግሩፑ በግልጽ ተነግሮ ሊያዝ የሚገባው ደንብ ነው።

ለበሽታም፣ ለትዳር ጠብም፣ ለልጆችም እንዲሁ ነው። ሕፃን ልጅ በትምህርት ቤት ያለቀሰበት፣ የወደቀበት፣ የታመመበት ቪዲዮ ሲያድግ ስሙ ሲጠራ አብሮት የሚወጣ ነገር ነው፤ ፈቃዱን ደግሞ የጠየቀው የለም። ወላጅ ስለ ልጁ መጻፍ ከፈለገ ለልጁ ይጻፍለት፤ ልጁ አድጎ ማንበብ ሲችል ይስጠው።

ሁለተኛው አደጋ ጽሑፉ መጥፋቱ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጂኦሲቲስ በዘመኑ ብዙ ሰው የቤተሰቡን ፎቶና የጉዞ ማስታወሻ ያስቀምጥበት የነበረ አገልግሎት ነው። ያሁ ገዛው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ዘጋው። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ገጽ ከ2003 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሰዎች ያስገቡትን ሙዚቃ አገልጋይ ኮምፒዩተር ሲያዛውር ማጣቱን በ2019 እ.ኤ.አ. አመነ። ጎግል ፕላስም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከነዚህ የተረፈውን ያተረፉት በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭን የመሳሰሉ ተቋማትና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የተክለ ሐዋርያትን ወረቀት ሠላሳ ዓመት ያቆየ መሳቢያ ነበረ። ዛሬ ፌስቡክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ መሳቢያው የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ይዞ ሲያልፍ ልጆቹ መግቢያ ያጣሉ። የሚጽፍ ሰው የጻፈውን በወር አንድ ጊዜ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ይገልብጠው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ያትመው፤ የይለፍ ቃሉንም ለሚያምነው ሰው አደራ ይስጥ።

ሦስተኛው ነገር ስም ነው። በአማራውም፣ በቤተ እስራኤሉም፣ በሌሎችም ብዙ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው በቃል ነው፤ አያቶች ይቆጥራሉ፣ ልጆች ያዳምጣሉ። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን በየትውልዱ አንድ ስም ከኋላ ይወርዳል። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው፤ ወልደ ሥላሴ የሚለው በልጁ ስም ላይ አይታይም። አገር ቤት ይህ ችግር የለውም፤ የሚያውቅ ሽማግሌ አለ። ስደት ላይ ግን ቅጹ የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፤ የአባት ስም እዚያ ይገባና ይደርቃል። ወንድም አንድ ስም፣ የአጎት ልጅ ሌላ ስም ይዞ ይቀራል። ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የቀድሞ ስማቸው በሰነድ ላይ ጠፍቶ በቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራ ሆነ። የሰባቱን ቤት ስም በፊደል መጻፍ፣ ከየስሙ አጠገብ የትውልድ መንደሩን ማስገባት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሚያውቁት ሽማግሌ ካለፉ በኋላ ግን ማንም ሊሠራው አይችልም።

ቀንም እንዲሁ ነው። የኛ አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። «በ1999 ከአገር ወጣሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካላለ፣ ሁለቱንም የምታውቅ የልጅ ልጁ እንኳ ግራ ትጋባለች። በኢትዮጵያ ዘመን ከሆነ ሁለተኛው ሚሌኒየም ሊያበቃ ዓመት የቀረው ጊዜ ነው፤ በአውሮፓ ከሆነ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መካከል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል መጨመር ይህን ሁሉ ይፈታል።

ምን ይጻፍ ለሚለው መልሱ ቅርብ ነው። መንገደኛ ታላላቅ ሕንፃዎችን መዘርዘር አያስፈልገውም፤ የአይፍል ግንብ ቁመት በሌላ ቦታ ይገኛል። የማይገኘው እሱ ብቻ የሚያውቀው ነው። ከሱዳን ወሰን እስከ ካርቱም መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ለደላላው ስንት እንደተከፈለ፣ መጀመሪያ የተቀጠረበት ሥራ ምን እንደሆነ፣ ደመወዙ ስንት እንደነበረ፣ ከዚያ ላይ ለእናቱ ስንት እንደላከ፣ እንጀራ በምን ዱቄት እንደጋገረ፣ በማን ቤት ወለል ላይ እንዳደረ ይጻፍ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ዛሬ ለጸሐፊው ተራ ይመስለዋል። ዐርባ ዓመት ቆይቶ ግን የአንድ ትውልድ ስደት እንዴት እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ስለዚህ ይህ ንግግር ለሦስት ወገኖች ጥያቄ ያቀርባል። ውጭ አገር ላላችሁ፦ ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ጸሐፊ አድርጋችሁ ምረጡ፤ በስልክ የሚመጣውን የወላጆች ድምፅ፣ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ካሴቶችና ደብዳቤዎች ያሰባስብ፣ በፊደልም ይጻፍ። የቅዳሜና የእሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ መምህራን፦ ልጆቹ ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ የመጀመሪያው የቤት ሥራቸው አያታቸውን ጠይቀው ሰባት ቤት መጻፍ ይሁን። ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ለወመዘክርና ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ፦ ማተሚያ ቤቶች ከሚያትሙት መጽሐፍ ቅጂ ለወመዘክር እንዲያስረክቡ ሕግ ያዛል፤ በኢንተርኔት የሚወጣው የስደተኛው፣ የሠራተኛው፣ የተማሪው የአማርኛ ጽሑፍም በባለቤቱ ፈቃድ ተሰብስቦ የሚቀመጥበትን ክፍል ክፈቱ። ጸሐፊዎቹ በሕይወት አሉ፤ ፈቃዳቸውን መጠየቅ የሚቻለውም አሁን ነው።